ሠንጠረዡና መፈተኛው ድንጋይ፦ የአዮኖች መለያ ሙከራ በትምህርት ቤት ስለሚቀርብበት ሁኔታ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተማረ ሁሉ አንድ ሠንጠረዥ ያውቃል። በግራው ዓምድ የአዮኑ ስም፣ በመካከለኛው የሚጨመረው ፈሳሽ፣ በቀኙ ደግሞ የሚታየው ለውጥ ተጽፎበታል። ክሎራይድ፣ ብር ናይትሬት፣ ነጭ ዝቃጭ። ሰልፌት፣ ባርየም ክሎራይድ፣ ነጭ ዝቃጭ። መዳብ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ሰማያዊ ዝቃጭ። መምህሩ በሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፤ ተማሪው በደብተሩ ይገለብጠዋል፤ ለፈተና ያጠናዋል፤ ከፈተናውም በኋላ ይረሳዋል።

ሠንጠረዡ በያዘው መረጃ ረገድ ነቀፌታ የለበትም። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። የዚህ ሂስ ዋና ነጥብ ግን ሠንጠረዡ የያዘው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ የሚያስተምረው የአስተሳሰብ ልማድ የተሳሳተ መሆኑ ነው። አንድ ለውጥ ሲታይ አንድ ስም መጥራት ይበቃል የሚል እምነት በተማሪው አእምሮ ይተክላል። ከሙከራ ወደ ድምዳሜ የሚያደርሰው መንገድ፣ ማለትም ከታወቀ ነገር ጋር ማነጻጸር፣ ሌሎች ምክንያቶችን ማስወገድ፣ የእርግጠኝነትን መጠን መመዘን፣ ከሠንጠረዡ ውስጥ ወጥቶ ጠፍቷል።

በአማርኛ «ፈተነ» የሚለው ግሥ ሁለት ሥራ አለው። ወርቅ በእሳት ይፈተናል፤ ተማሪም በክፍል ይፈተናል። በኬሚስትሪ ትምህርት በአሁኑ ሁኔታ የሚፈተነው ተማሪው ብቻ ነው፤ ተማሪው ራሱ የሚፈትነው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ ሳይሆን የሥርዓተ ትምህርት ጥያቄ ነው።

ለንጽጽር የሚያገለግለው ምሳሌ ከሩቅ አገር መምጣት አያስፈልገውም። በአዲስ አበባ አራዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ እና ለረጅም ዘመን የወርቅና የብር ሥራ መናኸሪያ ሆኖ የኖረው ፒያሳ እርስ በርሳቸው በእግር ጉዞ ርቀት ላይ ይገኛሉ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ የሰፈሩም መልክ ተለውጧል። የወርቅ ሠሪው ሙያ ያቆየው የፍተሻ ሥርዓት ግን ከቤቶቹ ጋር የሚፈርስ አይደለም። የሚያሳዝነው ይህ ሥርዓት በመንገዱ ማዶ ወዳለው የኬሚስትሪ ክፍል አለመሻገሩ ነው።

1. ሠንጠረዡ ከየት መጣ?

አዮኖችን በሥርዓት የመለየት ጥበብ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር መልክ ይዟል። ካርል ሬሚጊየስ ፍሬሴኒየስ እ.ኤ.አ. በ1841 ያሳተመው የዓይነታዊ ትንተና መማሪያ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ለትውልዶች አገልግሏል። ይህ ሥርዓት የተመሠረተው በመለያየት ላይ ነው። በመጀመሪያ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ተጨምሮ ብር፣ እርሳስና አንዱ ዓይነት የሜርኩሪ አዮን ይዘቅጣሉ፤ እነዚህ በማጥለያ ይወገዳሉ። በተረፈው ፈሳሽ ላይ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይጨመርና ሁለተኛው ቡድን ይወጣል። ሥራው እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የአንዱ አዮን ማረጋገጫ ሙከራ የሚደረገው ሊያሳስቱ የሚችሉት ሌሎቹ ከተወገዱ በኋላ ነው።

ሃይድሮጂን ሰልፋይድ መርዛማ ጋዝ በመሆኑ ከትምህርት ቤቶች መውጣቱ ተገቢ ነው። ረጅሙ የቡድኖች ቅደም ተከተልም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚመጥን አልነበረም። ችግሩ የመጣው ቅደም ተከተሉ ሲጣል አመክንዮውም አብሮ በመጣሉ ነው። ከሥርዓቱ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ማረጋገጫ ሙከራዎች ናቸው፤ እነርሱም ከቅድመ ሁኔታቸው ተነጥለው በሦስት ዓምድ ተደረደሩ።

አንድ ምሳሌ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። በአንድ ሙሙት ውስጥ የብረት (ሦስት) እና የመዳብ አዮኖች አብረው ቢኖሩ፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመር የሚታየው ቡናማ ዝገት የመሰለ ዝቃጭ ሰማያዊውን ይሸፍነዋል። ሠንጠረዡን ያጠና ተማሪ «ብረት (ሦስት)» ብሎ ያቆማል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። በአንጻሩ መለያየትን የተማረ ሰው አሞንያ አብዝቶ ይጨምራል፤ የብረቱ ዝቃጭ ሳይሟሟ በማጥለያው ላይ ሲቀር መዳቡ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ያልፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ፈሳሽና አንድ ማጥለያ ወረቀት ነው። የጎደለው መሣሪያው ሳይሆን «ሌላስ ምን ሊኖር ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

2. የወርቅ ሠሪው አሠራር

በወርቅ ሥራ ዓለም የታወቀው ፍተሻ የሚጀምረው በጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ነው። የቀረበው ዕቃ በድንጋዩ ላይ ይታሻል፤ ቢጫ መስመር ይተዋል። ከአጠገቡም የጥራት ደረጃው አስቀድሞ የታወቀ ወርቅ፣ ባለ 18 ወይም ባለ 21 ካራት፣ ይታሻል። ከዚያ በኋላ በሁለቱም መስመሮች ላይ አሲድ ይንጠባጠባል። ናስ ከሆነ መስመሩ ወዲያውኑ በናይትሪክ አሲድ ይጠፋል፤ ከፍ ያለ ወርቅ ግን ይቆያል፤ ለከፍተኛዎቹ ደረጃዎችም ጠንከር ያለ የአሲድ ቅልቅል ያስፈልጋል። ፍርድ የሚሰጠው ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ሲታዩ ነው።

በዚህ አሠራር ውስጥ ለኬሚስትሪ መምህር ትልቅ ቁም ነገር አለ። ወርቅ ሠሪው «ጥሩ ወርቅ እንዲህ ያለ ቀለም አለው» የሚል ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ ለጥፎ አይፈርድም። የታወቀውንና ያልታወቀውን በአንድ ድንጋይ፣ በአንድ አሲድ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ብርሃን ያነጻጽራል። አሲዱ ደክሞ ቢሆን የታወቀው መስመር ይነግረዋል፤ የቀኑ ብርሃን ዓይኑን ቢያታልለውም ሁለቱ መስመሮች በእኩል ይታለላሉ። ማነጻጸሪያ የሚባለው የሳይንስ መሠረት ይኸው ነው። ወርቅ ሠሪው ይህን የሚያደርገው ስለ ሳይንስ ዘዴ ንድፈ ሐሳብ ተምሮ ሳይሆን፣ ቢሳሳት ኪሳራው የራሱ ስለሆነ ነው። በክፍል ውስጥ ግን የተሳሳተ ድምዳሜ ማንንም አያከስርም፤ ወይም እንደዚያ ይመስላል።

የብር ሥራም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በኢትዮጵያ የብር አንጥረኞች ለብዙ ዘመን ዋና ጥሬ ዕቃቸው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ይህ ገንዘብ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። እንደዚህ ያለ ብርና መዳብ የተቀላቀለበት ቁራጭ በናይትሪክ አሲድ ቢሟሟ ሁለት አዮኖች በአንድነት ይገኛሉ። በሙሙቱ ላይ የጨው ውሃ ሲጨመር ብሩ እንደ አይብ የረጋ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ዝቃጩ ብርሃን ሲያገኘው እያደር ይጠቁራል። የጨው ውሃው ሌላ ዝቃጭ እስከማያወጣ ድረስ ተጨምሮ ከተጣራ በኋላ በቀረው ሰማያዊ ፈሳሽ ላይ አሞንያ ሲታከል ቀለሙ ይጠልቃል፤ መዳቡ ማንነቱን ይገልጻል። ጌይ ሉሳክ እ.ኤ.አ. በ1832 ለፈረንሳይ የገንዘብ ማምረቻ ያቀረበው የብር መመዘኛ ዘዴ በዚሁ የጨውና የብር መገናኘት ላይ የተመሠረተ ነበር። በኢትዮጵያ ገበያዎች ጎን ለጎን ሲመነዘሩ የኖሩት አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር በአንድ ቱቦ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ የሌላው መለያ ይሆናል ማለት ነው። ክሎራይድን ለማወቅ የብር ናይትሬት ያስፈልጋል፤ ብርን ለማወቅ ደግሞ ክሎራይድ። ሠንጠረዡ ይህን ባለ ሁለት አቅጣጫ ዝምድና በሁለት የተራራቁ መስመሮች ቆራርጦ ያስቀምጠዋል።

በዚህ ቦታ አንድ ማሳሰቢያ አስፈላጊ ነው። ብረታ ብረት በናይትሪክ አሲድ ሲሟሟ የሚወጣው ቡናማ ጋዝ መርዛማ ስለሆነ ሥራው በመምህሩ ብቻ፣ አየር በሚገባ በሚዘዋወርበት ስፍራ፣ በጥቂት መጠን ሊከናወን ይገባል። ብር ያለበት የአሞንያ ሙሙትም ሲውል ሲያድር የሚፈነዳ ነገር ሊፈጥር ስለሚችል በምንም ዓይነት አይቀመጥም፤ ወዲያውኑ በቀጭን አሲድ ተበርዞ ይወገዳል።

3. ሦስት ጉድለቶች

ሀ. ባዶ ሙከራ አለመኖሩ። የተጣራ ውሃ በብዙ ትምህርት ቤቶች በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህም ጨው በቧንቧ ውሃ ይሟሟል፤ የብር ናይትሬት ይንጠባጠብበታል፤ ነጭ ጉም ይታያል፤ «ክሎራይድ አለ» ተብሎ ይጻፋል። የቧንቧ ውሃ ግን ራሱ ክሎራይድና ባይካርቦኔት የያዘ ነው። በዚህ ሁኔታ የሚመረመረው ጨው ምንም ይሁን ምን ክሎራይድ «ሊገኝበት» ይችላል። ስሕተቱን የሚያጋልጠው ውሃውን ብቻውን በሌላ ቱቦ አድርጎ ያንኑ ፈሳሽ መጨመር ነው። ይህ ባዶ ሙከራ አንድ ቱቦና ሁለት ጠብታ ብቻ ይጠይቃል፤ ሆኖም በሠንጠረዡ ውስጥ ስፍራ አልተሰጠውም። በክረምት በንጹሕ ዕቃ በቀጥታ ከሰማይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከቧንቧው የተሻለ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል፤ እርሱም ቢሆን አስቀድሞ ራሱ ሊፈተን ይገባዋል። የተጣራ ውሃ የሌለው ትምህርት ቤት፣ መምህሩ ካወቀበት፣ ባዶ ሙከራን ለማስተማር ከሁሉ የተመቸው ትምህርት ቤት ነው።

ሙሙቱ አስቀድሞ በቀጭን ናይትሪክ አሲድ መበረዝ ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ካርቦኔት ከብር ጋር የራሱን ዝቃጭ ይሰጣልና አሲዱ አስቀድሞ ያስወግደዋል። ብዙ ተማሪዎች «አሲድ ይጨመራል» የሚለውን ያስታውሳሉ፤ ለምን ናይትሪክ እንጂ ሃይድሮክሎሪክ እንዳልሆነ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚፈለገውን ክሎራይድ ራሱ ይዞ ይገባል። በሰልፌት ሙከራም እንዲሁ ሰልፈሪክ አሲድ መጨመር ምርመራውን ከንቱ ያደርገዋል። ይህን ምክንያት ያወቀ ተማሪ የአሲዱን ስም በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም፤ አስቦ ይደርስበታል።

ለ. «አልታየም» እና «የለም» መደባለቃቸው። ሠንጠረዡ ለውጥ ሲታይ ምን ማለት እንደሆነ ይናገራል፤ ለውጥ ሳይታይ ሲቀር ግን ምንም አይናገርም። ተማሪውም ዝምታውን «የለም» ብሎ ይተረጉመዋል። የፍሎራይድ ጉዳይ የዚህን አደጋ ክብደት ያሳያል። ክሎራይድ፣ ብሮማይድና አዮዳይድ ከብር ጋር ይዘቅጣሉ፤ ቀለማቸውም ከነጭ ወደ ክሬም፣ ከክሬም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ፍሎራይድ ግን የእነርሱ ቤተ ዘመድ ሆኖ ሳለ የብር ጨው በውሃ ስለሚሟሟ ምንም ዝቃጭ አይሰጥም። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን በላይ ስለሚገኝባቸው ነዋሪዎች በጥርስና በአጥንት ሕመም ሲጎዱ ኖረዋል። ከዚያ አካባቢ የመጣ ተማሪ የመንደሩን ውሃ በትምህርት ቤት በተማረው ዘዴ ፈትኖ «ከክሎራይድ በቀር ጎጂ ነገር የለበትም» ቢል፣ የተሳሳተው እጁ ሳይሆን የተማረው ትምህርት ነው። ለእያንዳንዱ ሙከራ የማያየው ነገርና ከዚያ በታች የማይደርስበት መጠን አለው፤ ይህም የሙከራው አካል ሆኖ መሰጠት ይኖርበታል። በክፍል ውስጥ የተሳሳተ ድምዳሜ ማንንም አያከስርም የተባለው እውነት የማይሆነውም እዚህ ላይ ነው።

ሐ. የአስተውሎት ቋንቋ መደህየቱ። በሠንጠረዡ ውስጥ «ነጭ ዝቃጭ» የሚለው ሐረግ ደጋግሞ ይመጣል፤ ክሎራይድም፣ ሰልፌትም፣ አሉሚኒየምም፣ ዚንክም፣ ካልሲየምም ነጭ ናቸው። በቱቦው ውስጥ ግን ነጮቹ አይመሳሰሉም። የብር ክሎራይድ እንደ ረጋ ወተት ይቋጠራል። ባርየም ሰልፌት እንደ ደቀቀ ዱቄት ከብዶ ይወርዳል። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ እንደ ተልባ ልጋግ ይንሳፈፋል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው የሚያየውን በውሰት ሐረግ ብቻ ይሰይማል፤ ሐረጉን ካገኘም በኋላ ማየቱን ያቆማል። በቤቱ ግን ስለ ጠላ አተላ፣ ስለ ጠጅ መጥራት፣ ስለ ወተት መርጋት፣ ስለ ጎርፍ ደለል የሚለይባቸው ብዙ ቃላት አሉት። መምህሩ ተማሪው በመጀመሪያ ያየውን በለመደው ቋንቋ እንዲገልጽ ቢፈቅድና ሙያዊውን ስያሜ ከዚያ ቢያስከትል ሁለቱም ይጠቀማሉ። የአፍ መፍቻ ቋንቋ እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ለስሜት ሳይሆን ለአስተውሎት ጥራት ነው።

ከእነዚህ ሦስት ጉድለቶች ድምር የሚወጣው ውጤት አንድ ነው። ሠንጠረዥ ብቻ የያዘ ሰው በሠንጠረዡ ውስጥ የሌለ ነገር ሊያገኝ አይችልም። ቡንዘንና ኪርኾፍ እ.ኤ.አ. በ1860 የዱርክሃይም ማዕድን ውሃን በነበልባል ሲመረምሩ የታወቁትን ንጥረ ነገሮች መስመሮች አንድ በአንድ ከቆጠሩ በኋላ ከማንኛቸውም ጋር የማይገጥሙ ሁለት ሰማያዊ መስመሮች ቀሩባቸው። እነዚያን መስመሮች እንደ ጉድፍ ቆጥረው አላለፏቸውም፤ ከ40 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ አትንነው ሲዚየምን አገኙ። የታወቀውን ሁሉ ቆጥሮ የተረፈውን መጠየቅ የትንተና ኬሚስትሪ ነፍስ ነው።

4. ስለሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ ሂስ ላይ መምህራን ሊያነሧቸው የሚችሉ ሦስት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሦስቱም ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው የዋጋ ጉዳይ ነው። የብር ናይትሬት ውድ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ውድነቱ የሚወሰነው በአጠቃቀሙ ነው። በተለመደው አሠራር በአንድ የመሞከሪያ ቱቦ 2 ሚሊ ሊትር ቢጨመርና እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ቱቦ ቢጠቀም ለ50 ተማሪዎች 200 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። በጠብታ ዘዴ ግን በጥቁር ወረቀት ላይ በተዘረጋ ግልጽ ፕላስቲክ አንድ ጠብታ ሙሙትና አንድ ጠብታ መለያ ፈሳሽ ይበቃል። አንድ ሚሊ ሊትር 20 ያህል ጠብታ አለው። እያንዳንዱ ተማሪ ለናሙናው፣ ለባዶ ሙከራው፣ ለታወቀው ማነጻጸሪያና ለድጋሚ አራት ጠብታ ቢጠቀም ለ50 ተማሪዎች 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ይፈጃል። 0.85 ግራም የብር ናይትሬት በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ቢሟሟ እንዲህ ያሉ አሥር ክፍሎችን ያዳርሳል ማለት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያስፋፋው የጥቃቅን ሙከራዎች መርሐ ግብርም የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቁጠባው ማነጻጸሪያውንና ባዶ ሙከራውን ጨምሮ የተሰላ መሆኑ ነው።

ከገበያ በሚገኙ ነገሮች የሚሠሩ ሙከራዎችም አሉ። አመድ ላይ ሆምጣጤ ሲፈስ የሚወጣው ጋዝ የጠለለ የኖራ ውሃን ያደፈርሰዋል፤ ይህም የካርቦኔት ሙከራ ነው። ምስማር የዘገበት ውሃ ከሻይ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ጀሶ ካልሲየምና ሰልፌት ይዟል። ይሁን እንጂ ይህ መንገድ ሁሉን አይተካም። ለክሎራይድ ብር፣ ለሰልፌት ባርየም ግድ ነው፤ የሚሟሙ የባርየም ጨዎችም መርዛማ ስለሆኑ ጥንቃቄ ይሻሉ። ስለዚህ «በአካባቢ ቁሳቁስ ተጠቀሙ» የሚለው ምክር በጀት ላለመመደብ ሰበብ ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጊዜ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ይህን ችግር ለማቃለል ከታሰበባቸው መንገዶች አንዱ ነበር። ፕላዝማው ዝቃጩን በጥሩ ቀለም አሳይቷል። ነገር ግን በስክሪን ላይ የሚታይ ሙከራ ሁልጊዜ ይሳካል፤ ቱቦው አይቆሽሽም፤ ውሃው አያታልልም፤ ነበልባሉም በሶዲየም ቢጫ አይበከልም። ተማሪው ያላገኘው ትምህርት በትክክል ይኸው ነው፤ ያልተሳካ ሙከራ ለምን እንዳልተሳካ መጠየቅ። አሥር አዮኖችን በሰሌዳ ከመሸፈን ሦስት አዮኖችን በእጅ ፈትኖ መከራከር ይበልጣል፤ ሦስቱን በአግባቡ ያወቀ ተማሪ የቀሩትን ሰባት ከመጽሐፍ ሊያነብ ይችላልና።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ ብሔራዊ ፈተናው ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ከተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተገለጸ ወዲህ ወላጅም፣ ርእሰ መምህርም፣ አስተዳደርም ጥያቄ ማለማመድን አጥብቀው ይሻሉ። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ፣ ይባላል፣ ሠንጠረዡን ማጥናት ይበቃል። ነገር ግን የምርጫ ጥያቄም ቢሆን አስተሳሰብን ሊመዝን ይችላል። «ከብር ናይትሬት ጋር ነጭ ዝቃጭ የሚሰጠው የትኛው ነው?» ከሚለው ይልቅ እንደሚከተለው ሊጠየቅ ይቻላል፦

አንድ ተማሪ ማንነቱ ያልታወቀ ጨው በቧንቧ ውሃ አሟሙቶ በናይትሪክ አሲድ ከበረዘው በኋላ የብር ናይትሬት ጨመረበት፤ ስስ ነጭ ጉምም አየ። ከመደምደሙ በፊት ማድረግ የሚገባው የትኛውን ነው?
ሀ) ተጨማሪ የብር ናይትሬት ማንጠባጠብ
ለ) ያንኑ ሙከራ በቧንቧው ውሃ ብቻ መድገም
ሐ) ሙሙቱን ማሞቅ
መ) በናይትሪክ አሲዱ ምትክ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መጠቀም

ይህን ጥያቄ በቃል በማጥናት መመለስ ያዳግታል፤ ለማረም ግን ከቀድሞው አይከብድም። ፈተናው ወደ ሠንጠረዡ የሚያዘነብለው በምርጫ ቅርጹ ሳይሆን በጥያቄ አውጪው ልማድ ነው።

5. ምን ቢደረግ ይሻላል?

ሠንጠረዡን መሰረዝ አስፈላጊ አይደለም። ሊሟላ ግን ይገባዋል። በነባሮቹ ሦስት ዓምዶች ላይ ሦስት ቢጨመሩ የጎደለው አመክንዮ ይመለሳል። የመጀመሪያው «ማነጻጸሪያ» ሲሆን የታወቀው ናሙናና ባዶው ሙከራ ምን እንዳሳዩ ይጻፍበታል። ሁለተኛው «ሌላስ ምን ይህን ለውጥ ይሰጣል?» የሚል ነው። ሦስተኛው «ለውጥ ባይታይ ምን ማለት ይቻላል?» ይላል። ተማሪው እነዚህን ዓምዶች ከሙከራው በኋላ ራሱ ይሞላቸዋል እንጂ ከሰሌዳ አይገለብጣቸውም።

ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ደግሞ አንድ ልዩ ልማድ ሊመከር ይችላል። ለሠልጣኞች ከሚታደሉት ማንነታቸው ያልታወቀ ናሙናዎች መካከል አንዱ ከተጣራ ውሃ በስተቀር ምንም የሌለበት ይሁን። ብዙ ሠልጣኝ አንድ ነገር «ማግኘት» ግዴታው ስለሚመስለው ያላየውን ጉም አይቻለሁ ብሎ ይጽፋል። «በተደረጉት ሙከራዎች ምንም አልተገኘም» ብሎ ለመጻፍ የደፈረ ሠልጣኝ ሙሉ ነጥብ ሊሰጠው ይገባል። ነገ በክፍሉ የሚቆመው መምህር ለተማሪዎቹ የሚያስተላልፈው ከሠንጠረዡ ይልቅ ይህን ድፍረት ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርበው ሐሳብ ደግሞ የበጀት አደላደልን ይመለከታል። ትልቅ ቤተ ሙከራ እስኪሠራ ድረስ ሙከራን ማስቆየት አይገባም። ጠብታ ማንጠባጠቢያዎች፣ ፕላስቲኮች፣ ጥቂት በጥንቃቄ የተዘጋጁ ፈሳሾችና የታወቁ ማነጻጸሪያ ናሙናዎች የያዘ አንድ ሣጥን በማንኛውም ክፍል ውስጥ ሊያገለግል ይችላል። በሣጥኑ ውስጥ ከሁሉ የሚቀድሙት የታወቁት ናሙናዎች ናቸው፤ ያለ እነርሱ ፈሳሾቹ ድንጋይ ብቻ ይዞ ወርቅ ለመፈተን እንደ መነሣት ይሆናሉ።

ማጠቃለያ

በሙሙት ውስጥ ያሉ አዮኖችን መለየት ከኬሚስትሪ ትምህርት ክፍሎች ሁሉ ለማስረጃ አያያዝ እጅግ የተመቸ ነው። ውጤቱ በሰከንዶች ውስጥ በዓይን ይታያል፤ ስሕተቱም ወዲያው ሊመረመር ይችላል። ይህ ዕድል በሦስት ዓምድ የቃል ጥናት ተለውጦ መቅረቱ የመምህራን ድክመት ብቻ ሳይሆን የመጽሐፍ፣ የፈተናና የበጀት ውሳኔዎች ድምር ነው። መፍትሔውም ከሦስቱ ወገን መምጣት አለበት። ቢሆንም የመጀመሪያው እርምጃ ማንንም መጠበቅ አያስፈልገውም። ማንኛውም መምህር በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ናሙናውን ከመፈተኑ በፊት ውሃውን ብቻውን ሊፈትን፣ ከአጠገቡም የታወቀውን ሊያስቀምጥ ይችላል። ተማሪውም «ምን አየህ?» ከተባለ በኋላ «ከምን ጋር አነጻጽረህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሠንጠረዡ የሚሸመደድ ነገር መሆኑ ቀርቶ የራሱ የምርመራ መዝገብ ይሆናል።